ከፍራሽ ሥር የተገኙ ልቦለዶች

ለዛሬው ዓምዳችን መነሻ የሆነን ከሐይቅ ከተማ የደረሰን የአንዲት እናት ደብዳቤ ነው። እናትየዋ እንዲህ ይላሉ፦

«የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ አለኝ። በመዘምራን ያገለግላል፣ በትምህርቱም ደኅና ነው። ባለፈው ቅዳሜ አልጋውን ሳነጥፍ ከፍራሹ ሥር ሦስት መጻሕፍት አገኘሁ። አንዱ ‹የኛ ሰው በደማስቆ›፣ ሁለተኛው ‹ሰላዩ ሬሳ› ይላል። ሦስተኛው ሽፋኑ የተገነጠለ የፍቅር ልቦለድ ነው። አባቱ ‹ይህ የዓለም ነገር ነው፣ ይቃጠል› አለ። እኔ ግን ከማቃጠሌ በፊት ምን እንደሚል ልየው ብዬ ብገልጠው ‹ሰላዩ ሬሳ› ሌሊቱን ወሰደብኝ። አሁን ማንን ልቆጣ? ልጁን ነው ወይስ ራሴን? እባካችሁ ምከሩኝ።»

እኅታችን፣ በመጀመሪያ ስላላቃጠሉት እናመሰግንዎታለን። ሌሊቱን ስለ ማንበብዎም አንፈርድብዎትም። እነዚያ መጻሕፍት የተጻፉት እንቅልፍ ለመንሣት ነው፤ ሥራቸውን ሠርተዋል ማለት ነው።

ይህ ጥያቄ በብዙ ቤት ያለ ነው። ልቦለድ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ግንባራቸውን የሚቋጥሩ ወላጆች በየአጥቢያው አሉ። ክርክራቸው አጭር ነው፦ ያልሆነውን ሆነ ብሎ መጻፍ ውሸት ነው፣ ውሸትም ከማን እንደሆነ እናውቃለን። ነገሩን በዚህ ብቻ ከዘጋነው ግን ነቢዩን ናታንን የት እናደርገዋለን? በዳዊት ፊት ቆሞ ስለ ባለጠጋውና ስለ ድኻው በግ ሲናገር፣ ያ ባለጠጋ፣ ያ ድኻ፣ ያቺም በግ በየትኛውም መንደር አልነበሩም (2ሳሙ. 12)። ንጉሡ ግን ታሪኩ ውስጥ ገብቶ ፈረደ፤ ፍርዱም በራሱ ላይ ሆነ። ኢዮአታምም ከተራራ ላይ ሆኖ ዛፎችን አናግሯል (መሳ. 9)። ማንም ውሸታም አላለውም፤ ሰሚዎቹ የሚሰሙት ምሳሌ መሆኑን ያውቁ ነበርና።

ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ይመስለኛል። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልቦለድ ርእሱ ራሱ ‹ልብ ወለድ ታሪክ› ነው። ከልብ የተወለደ መሆኑን ደጃፍ ላይ ተናግሮ ነው ወደ ቤት የሚገባው። እኔን የሚያሠጋኝ እንዲህ ስሙን ነግሮን የሚገባው መጽሐፍ አይደለም። የሚያሠጋኝ ከልብ ተወልዶ ሳለ ‹ታሪክ ነኝ› ወይም ‹ትምህርት ነኝ› ብሎ የሚመጣው ነው።

ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አንሄድም፤ እኅታችን ባሉበት አካባቢ አለ። ከሐይቅ ተነሥተን በወልድያው መንገድ ወደ ሰሜን ስንጓዝ ውጫሌን የያዘው አምባሰል ይመጣል። ግሸን አምባ ያለው በዚሁ በአምባሰል ነው። ዛሬ ግሸን ሲባል ሁላችን የምናስበው መስከረም 21 ቀን ወደ አምባው የሚወጣውን ሕዝብ ነው። በመካከለኛው ዘመን ግን ስፍራው የመሳፍንት መጠበቂያ ነበር። አንዱ ሲነግሥ ዙፋኑን ሊሻሙት የሚችሉ ወንድሞቹና ዘመዶቹ ወደዚያ ይወጣሉ፤ ተራ እስኪደርሳቸው ወይም እስኪሞቱ ድረስ ይጠበቃሉ። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1434 እ.ኤ.አ. ከመንገሣቸው በፊት በዚህ አምባ ኖረዋል። ከ1520 እስከ 1526 እ.ኤ.አ. በሀገራችን የቆየው ፖርቱጋላዊው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ መልእክተኞቹ መንገድ ስተው ወደ አምባው ግርጌ ሲጠጉ ድንጋይ እንደ ተወረወረባቸው ጽፏል። ጠባቂዎቹ ቀልድ አያውቁም ነበር። በ1540 እ.ኤ.አ. የኢማም አሕመድ ሠራዊት አምባውን ሲይዝ ያ ሁሉ አበቃ።

ይህን ጠባብ፣ ነፋሻና አሳዛኝ ስፍራ የአውሮፓ ብዕር ምን እንዳደረገው ተመልከቱልኝ። ሉዊስ ደ ኡሬታ የተባለ ስፔናዊ መነኩሴ የሀገራችንን አፈር ሳይረግጥ፣ ከአንድ ሰው አፍ የሰማውን ይዞ፣ በ1610 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ ታሪክ ብሎ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ። በእርሱ መጽሐፍ የመሳፍንቱ ተራራ ምድራዊ ገነት ነው። ቤተ መንግሥት አለ፣ የአትክልት ስፍራ አለ፣ የከበረ ድንጋይ አለ፣ በዓለም አቻ የሌለው ቤተ መጻሕፍትም አለ። በዚያው ዘመን ኢትዮጵያ ውስጥ ይኖር የነበረው ኢየሱሳዊው ፔሮ ፓይዝ ይህን ሲያነብ ተቆጥቶ፣ የኡሬታን ስሕተት የሚያፈርስ ትልቅ መጽሐፍ ጻፈ። ምን ይሆናል! የፓይዝ መጽሐፍ እስከ ሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሳይታተም ተቀመጠ። የኡሬታ ወሬ ግን ባሕር ተሻገረ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ፐርቻስ በ1613 እ.ኤ.አ. በመጽሐፉ አስገባው፤ ባለቅኔው ጆን ሚልተንም በ1667 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ስለ ጠፋችው ገነት በሚናገር ረጅም ግጥሙ ውስጥ የአማራን ተራራ ስም ጠራ።

ማረሚያው የመጣው ከዚሁ ከእኛ ሰው ነበር። የመካነ ሥላሴው አባ ጎርጎርዮስ፣ የቀድሞዋ የአምሐራ ምድር ልጅ፣ በ1652 እ.ኤ.አ. ጀርመን ጎታ ድረስ ሄደው ሂዮብ ሉዶልፍ ለተባለው ሊቅ የሚያውቁትን ነገሩት። ሉዶልፍም በ1681 እ.ኤ.አ. በላቲን ባሳተመው የኢትዮጵያ ታሪክ የኡሬታን ተረት ተረት አለው። ላቲኑን ያነበቡት ግን ምሁራን ነበሩ፤ ሌላው ሕዝብ በገነቱ ቀረ።

ከዚህ በኋላ ነው ልቦለዱ የሚመጣው። ሳሙኤል ጆንሰን የሚባል የለንደን ጸሐፊ በወጣትነቱ፣ በ1735 እ.ኤ.አ.፣ የኢየሱሳዊውን የጄሮኒሞ ሎቦን የኢትዮጵያ ጉዞ ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሶ ነበር። ከሃያ አራት ዓመት በኋላ፣ በ1759 እ.ኤ.አ. ጥር ወር፣ እናቱ ሞቱበት። ለቀብሩና ለዕዳው ገንዘብ ያስፈልገው ነበር፤ ስለዚህ በአንድ ሳምንት ምሽቶች ውስጥ አንድ አጭር ልቦለድ ጽፎ ሸጠ። ርእሰ ጉዳዩ ተራራ ከብቦት ስለሚኖር የሐበሻ ልዑል ነው። የልዑሉ ስም ራሴላስ ይባላል፤ ስሙን ያገኘው ከሎቦ መጽሐፍ ነው፣ ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ ስም ተቆርጦ። የልዑሉ አስተማሪ ደግሞ ኢምላክ ይባላል። የአማርኛ አንባቢ እዚህ ላይ ፈገግ ማለቱ አይቀርም፤ ይኩኖ አምላክ የሚለው ስም በፈረንጅ አፍ ሲንከባለል የደረሰበት ይመስላልና። ሸለቆው መካከል ዓሣና ወፍ የሞላበት ሐይቅ አለ። ጆንሰን የእኛን ሐይቅ አይቶ አይደለም፣ ግን እኔ ያንን ገጽ ሳነብ ከደሴ ስንወርድ ከመኪና መስኮት የምናየው ውኃ ፊቴ ድቅን ይላል።

ራሴላስ የሚያምረው ነገር ሁሉ የተሟላለት ነው፤ ግን ይሰለቸዋል። ከእኅቱና ከኢምላክ ጋር ተራራውን ሰርስሮ ይወጣና ደስተኛ ሰው ፍለጋ እስከ ካይሮ ይሄዳል። ባለጠጋውን ይጠይቃል፣ መናኙን ይጠይቃል፣ ፈላስፋውን ይጠይቃል። አንዱም ያሰበውን ሆኖ አይገኝለትም። መጽሐፈ መክብብን ለሚያነብ ሰው ይህ አዲስ ወሬ አይደለም።

እንግዲህ ሁለቱን አስተያዩልኝ። የኡሬታ መጽሐፍ ‹ታሪክ› ነው፣ ግን ስለ ግሸንም ሆነ ስለ ሰው ልብ የሚነግረን እውነት ጥቂት ነው። የጆንሰን መጽሐፍ ልቦለድ ነው፣ ስለ ግሸን ትክክል የሆነ ነገር የለውም፤ ስለ ሰው ልብ ግን የተናገረው ዛሬም የሚያስማማ ነው። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ልጅ፣ በኦክስፎርድ የተማሩት ሲራክ፣ ይህን መጽሐፍ በ1930ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ወደ አማርኛ መለሱት፤ ስለ ኢትዮጵያዊ ልዑል የተጻፈው ከመቶ ሰማንያ ዓመት በላይ ቆይቶ ወደ ቤቱ ገባ ማለት ነው። የብላቴን ጌታ ኅሩይ ‹ወዳጄ ልቤ› ደግሞ የጆን ቡንያንን የመንፈሳዊ ተጓዥ ታሪክ የሚያስታውስ መጽሐፍ ነው። የቡንያን መጽሐፍ በወንጌላውያን ሚሲዮን በኩል ወደ አማርኛ የተመለሰው ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ነው። ልቦለድን በጅምላ የሚነቅፉ ወንድሞቻችን፣ ከቀደሙት የአማርኛ ትርጉም ልቦለዶች አንዱ በራሳችን ሰዎች እጅ እንደ ገባ ቢያውቁ ደስ ይለኛል።

ተራራውና ሸለቆው በፈረንጅ መጽሐፍ የደስታ ስፍራ ሆኖ ሲኖር፣ ስክሪን በመጣ ጊዜ ወሎ በሌላ መልክ ታየ። በኦክቶበር 1973 እ.ኤ.አ. ጆናታን ዲምብልቢ የሠራው ዘጋቢ ፊልም በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ዓለም የወሎን ረሃብ አወቀ። ያው ፊልም መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ከመውረዳቸው በፊት በነበረችው ሌሊት፣ በኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስሎች ጋር እየተፈራረቀ ታየ። ረሃቡ እውነት ነበር፣ ግብዣውም እውነት ነበር፤ አንዱን ከአንዱ ጎን የሰፋው መቀስ ግን ሦስተኛ ነገር ተናገረ። ልጆቻችን ስለ ፊልም ሊያውቁት የሚገባ የመጀመሪያ ትምህርት ይህ ነው እላለሁ፦ ካሜራው ባይዋሽም የቀጠለው ሰው ሐሳብ አለው። ብርሃኑ ዘሪሁን ያንኑ ዘመን በ‹ማዕበል› ልቦለዶቻቸው ጽፈውታል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ደሴና ሐይቅ ሲደርስም የወሎ ስም በዓለም ዜና የተጠራው በመከራ ነበር። ወይ ገነት ወይ ረሃብ፤ በመካከሉ የሚኖር፣ የሚቀልድ፣ የሚነግድ፣ የሚያፈቅር የሐይቅ ሰው በስክሪን እምብዛም አይታይም።

አሁን ከፍራሹ ሥር ወደ ተገኙት መጻሕፍት እንመለስ። ሁለቱን ወደ አማርኛ ያመጡልን ማሞ ውድነህ የወሎ ሰው ናቸው፣ የዋግ ልጅ። በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወላጆቻቸውን አጥተው በችግር ያደጉ፣ በኋላም ጋዜጠኛና የደራስያን ማኅበር መሪ የሆኑ፣ ከ50 በላይ መጻሕፍት ጽፈውና ተርጉመው በ2004 ዓ.ም. ያረፉ ሰው ናቸው። የስለላን መጽሐፍ በሀገራችን ተወዳጅ ያደረጉት እርሳቸው ናቸው ብል የሚቃወመኝ ያለ አይመስለኝም። በእርሳቸው ብዕር ምክንያት ከወሎ ወጥቶ የማያውቅ ተማሪ ደማስቆንና ኤንቴቤን እንደ ሰፈሩ ያውቃቸዋል።

የ‹የኛ ሰው በደማስቆ› ባለ ታሪክ ኤሊ ኮኸን በእውነት የነበረ ሰው ነው፤ በግንቦት 1965 እ.ኤ.አ. ደማስቆ አደባባይ ላይ ተሰቅሏል። ታሪኩ በ1987 እ.ኤ.አ. ፊልም፣ በ2019 እ.ኤ.አ. ደግሞ ስድስት ክፍል ያለው ተከታታይ ድራማ ሆኗል። ‹90 ደቂቃ በኤንቴቤ›ም እንዲሁ ነው። ጠለፋውና የማዳኑ ዘመቻ በ1976 እ.ኤ.አ. ሰኔና ሐምሌ ሆነ፤ መጽሐፉ በሳምንታት ውስጥ ወጣ፤ ዓመት ሳይሞላም ሁለት የቴሌቪዥን ፊልሞች ተሠሩበት። በችኮላ የተጻፈና በችኮላ የተቀረጸ ነገር ምን ያህል እንደሚያጣራ እናንተው ፍረዱ።

‹ሰላዩ ሬሳ› ግን ትንሽ ቆም የምንልበት ነው። ታሪኩ የሚጀምረው ከልቦለድ ነው! ባሲል ቶምሰን የሚባል እንግሊዛዊ በጻፈው የወንጀል ምርመራ ልቦለድ ውስጥ የሐሰት ወረቀት የተሸከመ ሬሳ አለ። ጦርነቱ በጀመረበት በ1939 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ የባሕር ኃይል ስለላ ክፍል ጠላትን ማሳቻ ዘዴዎችን በዝርዝር ሲጽፍ ይህንን ከልቦለዱ ወስዶ አስገባው። በዝርዝሩ ዝግጅት እጁ አለበት የሚባለው የክፍሉ ኃላፊ ረዳት ኢያን ፍሌሚንግ ነው፤ በኋላ ጄምስ ቦንድን የፈጠረው ያው ሰው። በ1943 እ.ኤ.አ. ሐሳቡ ሥራ ላይ ዋለ። አንድ ሬሳ የሻለቃ ልብስ ለበሰ፣ ዊልያም ማርቲን የሚል ስም ተሰጠው፣ የእጮኛ ፎቶና የፍቅር ደብዳቤ ኪሱ ገባ፣ በቦርሳው ውስጥ ጦሩ ወደ ግሪክና ሰርዲኒያ የሚዘምት የሚያስመስል ደብዳቤ ተቀመጠለት። በሚያዝያ ወር መጨረሻ ከባሕር ሰርጓጅ መርከብ ወርዶ በስፔን ወደብ በሁዌልቫ አጠገብ ተንሳፈፈ። ጀርመኖች ደብዳቤውን አገኙ፣ አመኑም። በሐምሌ ወር የተባባሪዎቹ ጦር የወረደው ሲሲሊ ላይ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ደግሞ ራሱን የቻለ ታሪክ ነው። ምሥጢሩ ገና ባልተገለጠበት በ1950 እ.ኤ.አ. የቀድሞው ሚኒስትር ዳፍ ኩፐር ነገሩን በልቦለድ መልክ አወጣው። ልቦለዱ ካወጣው ወዲያ መንግሥት መደበቅ ስላልቻለ ዘመቻውን የመራው ኢዌን ሞንታጉ እውነተኛውን እንዲጽፍ ተፈቀደለት፤ በ1953 እ.ኤ.አ. አሳተመ። በ1956 እ.ኤ.አ. ፊልም ሆነ፤ ሞንታጉ ራሱ በፊልሙ አንድ አነስተኛ ክፍል ተጫውቷል። ፊልሙ ግን በታሪኩ ያልነበረ አንድ አይሪሽ ሰላይ ጨመረበት፤ ያለ አሳዳጅ ፊልም አይሞቅም ብለው ይመስለኛል። በ2021 እ.ኤ.አ. የተሠራው ሁለተኛው ፊልም ደግሞ በቢሮው ውስጥ የፍቅር ፉክክር አከለ። እያንዳንዱ እጅ የየራሱን ቅመም ጨምሯል። (የእኛ ቪዲዮ ቤቶች ማይክ ይዞ ፊልሙን ባማርኛ የሚተርከው ልጅስ? እርሱም የራሱን ቀልድ እየጨመረ ሌላ ፊልም ይሠራልን አልነበር?)

በዚህ ሁሉ ውስጥ ስሙ ያልተጠራ አንድ ሰው አለ። ሬሳው። ግሊንዱር ማይክል ይባላል፤ የዌልስ ልጅ፣ ቤት የሌለው ድኻ፣ በጥር 1943 እ.ኤ.አ. ለንደን ውስጥ የአይጥ መርዝ በልቶ የሞተ። ማንም አላስፈቀደውም። ሞንታጉም በመጽሐፉ ስሙን አልገለጠም። ማንነቱ የታወቀው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በ1998 እ.ኤ.አ. ነው እውነተኛ ስሙ በሁዌልቫ መቃብሩ ላይ የተጨመረው። እኅታችን፣ ሌሊቱን በወሰደብዎት መጽሐፍ ውስጥ ይህ ሰው ስም አልነበረውም። ከልጅዎ ጋር የምትነጋገሩበት ነገር ካስፈለገዎት ከዚህ የተሻለ አላገኝልዎትም፦ ብዙ ሺህ ወታደር ለማዳን የአንድን ድኻ ሬሳ ሳያስፈቅዱ መጠቀም ልክ ነው ወይ? እኔ መልሴን አልሰጥም። ልጁ ምን እንደሚል ይስሙት። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ በዚህ ጥያቄ ላይ የሚናገረውን መስማት፣ በመዘምራን መካከል ሲዘምር ከመስማት ያላነሰ ስለ ልቡ ያሳውቃል።

ሦስተኛው፣ ሽፋኑ የተገነጠለውስ? እዚህ ላይ ከአባትየው ጋር ግማሽ መንገድ እሄዳለሁ። የፍቅር ልቦለድ ሁሉ አንድ አይደለም። ‹ፍቅር እስከ መቃብር› በ1958 ዓ.ም. ታትሞ፣ በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ተነቦ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በተከታታይ ድራማ በቴሌቪዥን ቀርቦ፣ ሰብለ ወንጌልና በዛብህ በሦስት ትውልድ ቤት ገብተዋል። አያቲቱ በሬዲዮ የሰማችው፣ እናቲቱ ያነበበችው፣ ልጂቱ በስክሪን ያየችው አንድ ታሪክ ነው፤ ሦስቱ ቁጭ ብለው ቢወያዩ የማይስማሙበት ብዙ ነገር ያገኛሉ። ከዚህ ሌላ ደግሞ ሴትን እንደ ሰው ሳይሆን እንደ ዕቃ የሚያሳይ፣ ከመኝታ ቤት ወጥቶ የማያውቅ መጽሐፍም አለ። የተገነጠለው የትኛው እንደሆነ ከእዚህ ሆነን አናውቅም። ስለዚህ እኅታችን ያንንም ያንብቡት። ሁለተኛው ዓይነት ከሆነ ለልጅዎ በግልጽ ይንገሩት፤ «አነበብኩት፣ ይህችን ልጅ ደራሲው አላከበራትም» ማለት፣ እሳት ከማንደድ የበለጠ ያፍራል። የተቃጠለ መጽሐፍ ምን ይል እንደ ነበር ልጁ በሀሳቡ ይጨርሰዋል።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ራሳችን መደርደሪያ ልጨምር። በ1995 እ.ኤ.አ. የጀመሩት የቲም ላሄይና የጄሪ ጄንኪንስ የመጨረሻው ዘመን ልቦለዶች 16 ሆነው ከ60 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጠዋል፤ በ2000 እና በ2014 እ.ኤ.አ. ፊልም ሆነዋል። ‹መንፈሳዊ ፊልም ነው› ተብሎ ስለሚገባ ማንም ከፍራሽ ሥር አይደብቀውም። ከዚያ በኋላ ግን የራእይን መጽሐፍ ስናጠና «ፓይለቱ እንዲህ ሆኖ የለም እንዴ?» የሚል ወጣት ያጋጥመናል። ያንን ፓይለት ዮሐንስ አያውቀውም! ደራሲዎቹ ልቦለድ ብለው ነው የጻፉት፣ ጥፋቱ የእነርሱ ብቻ አይደለም። ሽፋኑ ላይ መስቀል ስላየን ብቻ ጥያቄ መጠየቅ እናቆማለን። ኡሬታም መነኩሴ ነበረና ታመነ። ከማሞ ውድነህ የስለላ መጽሐፍ ይልቅ እንዲህ ያለው ላይ ነው እኔ ከልጄ ጋር ቁጭ የምለው።

ልጅዎ ስለላ ከወደደ ደግሞ፣ እኅታችን፣ ከከተማችሁ በስተሰሜን ጥቂት ሄዶ እስካሁን ማንም በሚገባው ልክ በልቦለድ ያልጻፈው ታሪክ እንዳለ ይንገሩት። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ነው፤ ቦታው ውጫሌ። ዐፄ ዮሐንስ በመተማ ከወደቁ ገና ሁለት ወር አልሞላም። አንድ በኩል ምኒልክ አሉ፣ በሌላ በኩል የጣሊያኑ መልእክተኛ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ። በመካከል አስተርጓሚው ግራዝማች ዮሴፍ። ሁለት ወረቀት ይፈረማል፣ አንዱ በአማርኛ አንዱ በጣሊያንኛ። በአማርኛው አሥራ ሰባተኛ አንቀጽ ንጉሡ ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ የጣሊያንን መንግሥት እንዲያግዛቸው መጠየቅ ይችላሉ፤ በጣሊያንኛው ግን በእርሱ በኩል ብቻ እንዲሄዱ ግዴታ ገብተዋል። ልዩነቱ አንድ ግስ ነው። ምኒልክ መንገሣቸውን ለአውሮፓ ነገሥታት በደብዳቤ ያስታውቃሉ። በ1890 እ.ኤ.አ. ከእንግሊዟ ንግሥት ከቪክቶሪያና ከጀርመኑ ንጉሥ የመጣው መልስ ሲነበብ፣ ወደ እኛ በጣሊያን በኩል ካልሆነ አይጻፍም የሚል ይገኝበታል። ያ ደብዳቤ ሲነበብ በአዳራሹ ውስጥ ማን ማንን እንዳየ፣ እቴጌ ጣይቱ ምን እንዳሉ፣ ግራዝማች ዮሴፍ ያን ሌሊት እንዴት እንዳደሩ አስቡት። ይህ ሁሉ የሚያልቀው በዐድዋ መሆኑን አንባቢ አስቀድሞ ያውቃል፤ ግን ደኅና ደራሲ ካገኘ ገጹን ከመግለጥ አያቆምም።

ይህን የመጀመሪያ ምዕራፍ ጽፎ የሚልክልን የሐይቅ ወይም የአምባሰል ወጣት ካለ፣ የዚህ ዓምድ አንድ ገጽ ለእርሱ ወይም ለእርሷ ይቆያል። ከየትኛው ገጸ ባሕርይ ዓይን እንደሚታይ ምርጫው የጸሐፊው ነው፤ እኔ ብሆን ከአስተርጓሚው እጀምር ነበር።